ስለ ራውተር አመራረጥ፤ ሱቁና መኖሪያ ቤቱ በአንድ ግቢ ለሆነ ነጋዴ

ከደጀን ተነሥቶ በቢቸናና በደብረ ወርቅ በኩል ወደ ሞጣ፣ ከዚያም ወደ ባሕር ዳር የሚያደርሰውን መንገድ ተከትሎ የሄደ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው፣ በእነዚህ ከተሞች የነጋዴው ሱቅና መኖሪያ ቤቱ ብዙውን ጊዜ በአንድ ግቢ ውስጥ ናቸው። በመንገዱ በኩል መደብሩ ይከፈታል፤ ከመደብሩ ኋላ ዕቃ ቤቱ ይገኛል፤ ከዕቃ ቤቱም ቀጥሎ ቤተሰቡ የሚኖርበት ቤት አለ። አንድ የኢንተርኔት መስመር ወደ ግቢው ሲገባም ለእነዚህ ሁሉ በአንድነት ያገለግላል። በባለሱቁ ስልክ የቴሌብርና የባንክ ሒሳብ ይንቀሳቀሳል፤ የሱቁ ኮምፒውተር የዕቃ ዝርዝርና የዱቤ መዝገብ ይይዛል፤ በበሩ ላይ የተሰቀለው ካሜራ ሌሊትና ቀን ይቀርጻል፤ በሳሎን ያለው ቴሌቪዥን ከኢንተርኔት ፊልም ያመጣል፤ ልጆች በስልካቸው ያጠናሉ፣ ይጫወታሉም። እንግዳ በመጣ ጊዜ ደግሞ ቡናው ሳይፈላ የዋይፋዩን የይለፍ ቃል ይጠይቃል፤ ይሉኝታ ስላለም አይከለከልም።

በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ጉዳይ፣ ገንዘብ የሚዘዋወርበት ስልክና የዱቤ መዝገብ የተያዘበት ኮምፒውተር ከርካሽ ካሜራና ከእንግዳ ስልክ ጋር በአንድ መረብ ላይ መዋላቸው ነጋዴውን ለምን ዓይነት ጉዳት እንደሚያጋልጠው፣ እነዚህንም ለያይቶ ለማስተናገድ የሚችል ራውተር በምን ምልክት እንደሚታወቅ ነው። ነጋዴው ራውተር ለመግዛት ገበያ በወጣ ጊዜ ሻጩ አስቀድሞ የሚነግረው ስለ ፍጥነቱና ስለ አንቴናው ብዛት ነው። በእኛ አስተያየት ግን እነዚህ ሁለቱ በመጨረሻ የሚጠየቁ ናቸው። የሚቀድመው ጥያቄ፣ መሣሪያው አንዱን መስመር ለስንት ክፍል ሊከፍል ይችላል፣ ክፍሎቹንስ በእውነት ይለያቸዋል ወይስ ስም ብቻ ያወጣላቸዋል የሚለው ነው።

ራውተር ማለት ከውጭ የመጣውን የኢንተርኔት መስመር ተቀብሎ በቤት ውስጥ ላሉት መሣሪያዎች የሚያከፋፍል፣ ለእያንዳንዱም መሣሪያ የቁጥር አድራሻ የሚሰጥና መልእክቱን በየአድራሻው የሚያደርስ ሣጥን ነው። ከውጭ ሳይጠራ የመጣውን መልእክት መመለስም ሥራው ስለሆነ እንደ ዘበኛ ሊቆጠር ይችላል። ይሁን እንጂ ይህ ዘበኛ የሚጠብቀው የውጭውን በር ብቻ ነው። ባለቤቱ ራሱ ገዝቶ ያስገባውን ዕቃ አይጠራጠርም። ተራው ራውተር በሚዘረጋው በአንዱ መረብ ላይ ያሉት መሣሪያዎች ሁሉ እርስ በርሳቸው ይተያያሉ፤ ካሜራው ኮምፒውተሩን፣ የእንግዳው ስልክ የማተሚያ መሣሪያውን ለመጥራት ቢፈልግ የሚከለክለው የለም።

የአገራችን ሰው ቤቱን ሲሠራ ይህን ነገር ከጥንት ጀምሮ ያውቀዋል። እንግዳ የሚቀመጥበት አዳራሽ ሌላ፣ ባለቤቱ የሚያርፍበት እልፍኝ ሌላ፣ እህልና ቅቤ የሚቀመጥበት ጓዳ ሌላ ነው። እንግዳው ቢከበርም ጓዳ አይገባም፤ ይህንንም እንደ ንቀት የሚቆጥረው የለም። የቤቱ ባለቤት ግን ከእልፍኙ ወጥቶ ወደ አዳራሹ መሄድ፣ የፈለገውንም ጠርቶ ማነጋገር ይችላል። የተከፋፈለ መረብ የሚባለውም በዚሁ ሥርዓት የሚሠራ ነው። ለገንዘብና ለሥራ አንድ ክፍል፣ ለቤተሰብ አንድ ክፍል፣ ለካሜራና ለቴሌቪዥን አንድ ክፍል፣ ለእንግዳ አንድ ክፍል ይደረጋል። ባለቤቱ ከራሱ ክፍል ሆኖ ካሜራውን ጠርቶ ያያል፤ ካሜራው ግን ተነሥቶ የባለቤቱን ኮምፒውተር ለመጥራት አይፈቀድለትም። ሁሉም በየክፍላቸው ሆነው በአንዱ መስመር ወደ ኢንተርኔት ይወጣሉ።

ይህ ሁሉ ለትልልቅ ኩባንያዎች እንጂ ለወረዳ ከተማ ባለሱቅ ምን ያደርግለታል የሚል አይጠፋም። ለዚህ መልስ የሚሆን በዓለም ንግድ ውስጥ የታወቀ አንድ ታሪክ አለ። በ2006 ዓ.ም. ከኅዳር 18 እስከ ታኅሣሥ 6 ቀን ድረስ በአሜሪካ አገር ታርጌት የተባለው የመደብሮች ኩባንያ ተዘርፎ፣ የ40 ሚሊዮን የክፍያ ካርዶች ቁጥር በሌቦች እጅ ወደቀ። ሌቦቹ በኩባንያው በር አልገቡም። የገቡት ለመደብሮቹ የማቀዝቀዣ ሥራ ይሠራ በነበረ አንድ አነስተኛ ድርጅት የመግቢያ ስምና የይለፍ ቃል ነው። ማቀዝቀዣን የሚያይ ሰው ወደ ገንዘብ መቀበያው የሚደርስበት ምክንያት አልነበረውም፤ ነገር ግን በመካከሉ በቂ አጥር ስላልነበረ ከአንዱ ወደ ሌላው ተሻገሩ። ኩባንያው ከሦስት ዓመት ተኩል ያህል በኋላ፣ በግንቦት 2009 ዓ.ም.፣ ለ47 የአሜሪካ ግዛቶችና ለዋና ከተማዪቱ 18.5 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። በቢቸና ያለው ሱቅ ከታርጌት ጋር በሀብት የሚመሳሰል አይደለም፤ ጉዳቱ የደረሰበት መንገድ ግን አንድ ነው። በዚያ ማቀዝቀዣ ነበረ፤ በእኛ ዘንድ ካሜራ ነው።

ካሜራውን በተለይ የምናነሣው ያለ ምክንያት አይደለም። በጥቅምት 11 ቀን 2009 ዓ.ም. ታላላቅ የኢንተርኔት አገልግሎቶች በአሜሪካና በአውሮፓ ለሰዓታት እንዲቋረጡ ያደረገው ሚራይ የተባለው ጎጂ ፕሮግራም፣ ሠራዊት አድርጎ የተጠቀመባቸው በአብዛኛው የጥበቃ ካሜራዎችን፣ የካሜራ መቅጃዎችንና የቤት ራውተሮችን ነበር። የገባባቸውም በረቀቀ ጥበብ አልነበረም። ፋብሪካዎች በዕቃዎቻቸው ላይ አስቀድመው የሚጽፏቸውን 60 ያህል የተለመዱ የይለፍ ቃሎች እየሞከረ ነው። ባለቤቶቹ ያንን ቃል ሳይለውጡ ሰቅለዋቸው ነበር። በዚያው ዓመት በግንቦት ወር ደግሞ ዋናክራይ የተባለው ሌላ ጎጂ ፕሮግራም ከ150 በሚበልጡ አገሮች ኮምፒውተሮችን እየቆለፈ ገንዘብ ሲጠይቅ፣ ከአንዱ ኮምፒውተር ወደ ሌላው የተላለፈው በአንድ መረብ ላይ በመሆናቸው ነው። የዱቤ መዝገቡ ከተቆለፈበት ባለሱቅ ማን ስንት እንዳለበት የሚነግረው ተበዳሪው ብቻ ነው፤ የዚህንም ኪሳራ ማንም ነጋዴ ሊገምተው ይችላል።

በዚህ ስፍራ አንድ ነገር መለየት ተገቢ ነው። ራሱን የባንክ ወይም የቴሌብር ሠራተኛ አስመስሎ ለሚደውል አታላይ የምስጢር ቁጥሩን የሚነግር ሰው ማናቸውም ራውተር አያድነውም። የባንክ መልእክትም ተመሥጥሮ ስለሚላክ፣ እንግዳው በመረቡ ላይ ተቀምጦ ብቻ የሒሳብ ቁጥር ያነባል ብሎ መፍራት አይገባም። የመረቡ መከፋፈል የሚጠብቀው በግቢው ውስጥ ያሉትን ኮምፒውተሮች፣ መዝገቦችና መቅጃዎች፣ ከእነዚሁ ከውስጥ ዕቃዎች አንዱ ከተበላሸ ጉዳቱ ወደ ሌላው እንዳይዛመት ነው። ዕቃ ላኪውም ከዚህ የሚያገኘው ጥቅም አለ፤ ከገዢው ጋር የሚጻጻፍበት የኢሜል ሣጥን በተበላሸ ኮምፒውተር ላይ ከተከፈተ፣ ሌባ የባንክ ሒሳብ ቁጥሩን ለውጦ ለገዢው እስኪልክ ድረስ ደብዳቤውን በዝምታ ሊያነብ ይችላልና።

ሁለት ስም ማለት ሁለት ክፍል አይደለም

አሁን ወደ ገበያው እንመለስ። ብዙ ሰው የሚሳሳትበት የመጀመሪያው ነገር የዋይፋይ ስሞች ጉዳይ ነው። ዛሬ የሚሸጡት ራውተሮች አብዛኛዎቹ በሁለት የሬዲዮ ሞገድ ይሠራሉ፤ አንዱ 2.4 ጊጋኸርዝ፣ ሁለተኛው 5 ጊጋኸርዝ ይባላል። ስለዚህ በስልኩ ላይ ሁለት ስም ይታያል። ባለቤቱም አንዱን ለቤተሰቡ፣ ሌላውን ለእንግዳ ሰጥቶ መረቡን የከፈለ ይመስለዋል። ይህ ለአንድ ቤት ሁለት በር እንደ ማውጣት ነው፤ በየትኛውም ቢገባ የሚደረሰው አንድ ሳሎን ነው።

እውነተኛው መከፋፈል የሚጀምረው በሣጥኑ ላይ የእንግዳ መረብ ተብሎ ከሚጠራው ክፍል ነው። በዚህ ክፍል የገባ ስልክ ኢንተርኔት ያገኛል፤ የቤቱን ዕቃዎች ግን አያይም። በማስተካከያው ገጽ ላይ «እንግዶች የውስጡን መረብ እንዲያዩ ይፈቀድ» የሚል ምልክት ማድረጊያ ይገኛል፤ ይህ ክፍት ከሆነ የእንግዳው መረብ ስም ብቻ ነውና መዘጋቱን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ርካሽ ከሆኑት ራውተሮች እንኳ ይህ ክፍል ያላቸው ብዙ ናቸው። አንዳንድ አዳዲስ የቲፒ ሊንክ ሞዴሎችና የሌሎችም ፋብሪካዎች ሥራዎች ከእንግዳው ሌላ ለካሜራና ለመሰል ዕቃዎች የሚሆን ሦስተኛ ክፍል ይጨምራሉ።

ይሁን እንጂ የውጭ አገር መጻሕፍትና ማስታወቂያዎች የማይነግሩን፣ በእኛ ከተሞች ግን ዋናው የሆነ ችግር አለ። የእንግዳው መረብ የሚከፍለው ብዙውን ጊዜ ያለ ሽቦ የሚገናኙትን ዕቃዎች ብቻ ነው። በሱቆቻችን የሚሰቀሉት ካሜራዎች ግን አብዛኛውን ጊዜ በሽቦ ከመቅጃው ጋር የተያያዙ ናቸው፤ መቅጃውም በኔትወርክ ኬብል ከራውተሩ ጀርባ ይሰካል። በዚያ ቀዳዳ የተሰካ ዕቃ በተራው ራውተር ላይ ሁልጊዜ በዋናው መረብ ውስጥ ነው። ስለዚህ ባለሱቁ የእንግዳ መረብ ያለው ራውተር ገዝቶ እፎይ ሲል፣ ከሁሉ ይልቅ ሊለይ የሚገባው መቅጃ ከዱቤ መዝገቡ ጎን እንደተቀመጠ ይቀራል። ሻጩን «የእንግዳ መረብ አለው ወይ?» ብሎ መጠየቅ አይበቃም፤ «ከጀርባው ካሉት ቀዳዳዎች አንዱን ለብቻው ለመለየት ይቻላል ወይ?» ብሎ መጨመር ይገባል።

ይህን ለማድረግ የሚያስችለው ጥበብ ቪላን ይባላል። በአንድ ሽቦና በአንድ ሣጥን ላይ ብዙ የተለያዩ መረቦች እንዲኖሩ፣ ለእያንዳንዱ መልእክት የክፍሉን ቁጥር መለጠፍ ማለት ነው። በአንድ ጭነት መኪና ላይ የብዙ ነጋዴ ጆንያ ተጭኖ በየጆንያው ላይ የባለቤቱ ምልክት እንደሚጻፍ ዓይነት ነው። ደንቡ 802.1ኪው በሚል ቁጥር እ.ኤ.አ. በ1998 ስለወጣ አዲስ ነገር አይደለም፤ ለቤት በሚሆኑ ራውተሮች ላይ ግን ሁልጊዜ አይገኝም። ከሚያደርጉት መካከል በላትቪያ አገር የሚሠሩት የሚክሮቲክ ራውተሮች የታወቁ ናቸው፤ ዋጋቸው ከችሎታቸው ጋር ሲመዛዘን ከባድ አይባልም። እንዲሁም ኦፕን ደብልዩ አር ቲ የተባለውን ነጻ ሶፍትዌር የሚቀበሉ ልዩ ልዩ ሞዴሎች አሉ። ነገር ግን አንድ ነገር እናስጠነቅቃለን፤ እነዚህ መሣሪያዎች እውቀት ላለው ሰው የተሠሩ ናቸው። ባለሙያው ከባሕር ዳር ወይም ከደብረ ማርቆስ መጥቶ አስተካክሎ ከሄደ በኋላ፣ አንድ ነገር በተበላሸ ጊዜ የሚጠራው ሰው በከተማው ከሌለ፣ የረቀቀው ራውተር ከተራው ይልቅ ሊያስቸግር ይችላል። ባለሙያ ያለው ይግዛው፤ የሌለው ቀጥሎ የምንገልጸውን ቀላል ዘዴ ይመልከት።

ቀላሉ ዘዴ ሁለት ሣጥን መጠቀም ነው። የኢንተርኔት መስመሩን የሰጠው ድርጅት አብሮ የሚያስገባው አንድ ሣጥን አለ። ብዙ ሰው አዲስ ራውተር ሲገዛ ይህንን አንሥቶ ያስቀምጠዋል። እኛ ግን እንዳለ ይቆይ እንላለን። የካሜራው መቅጃ፣ ቴሌቪዥኑና የእንግዶች ስልክ ከዚሁ ከፊተኛው ሣጥን ጋር ይገናኙ። አዲሱ ራውተር ከፊተኛው በኬብል ተያይዞ በኋላ ይቀመጥና የሱቁ ኮምፒውተር፣ የባለቤቱና የቤተሰቡ ስልኮች በእርሱ ላይ ይሁኑ። ራውተር ከውጭው በር ሳይጠራ የመጣውን ሁሉ እንደሚመልስ ከላይ ተናግረናል፤ ለኋለኛው ራውተር ደግሞ ፊተኛው ሣጥን ራሱ ውጭ ነው። ስለዚህ ካሜራው ወደ ኮምፒውተሩ ለመድረስ ቢሞክር ይመለሳል፤ ባለቤቱ ግን ከውስጥ ሆኖ የመቅጃውን አድራሻ በመጻፍ ምስሉን ያያል። ቅደም ተከተሉ እንዳይገለበጥ መጠንቀቅ ነው፤ የከበረው ከኋላ፣ የተጠረጠረው ከፊት ይሆናል።

በዚህ ዘዴ ብዙውን ጊዜ የሚሠሩ ስሕተቶች አሉ። አንዱ ከፊተኛው ሣጥን የመጣውን ኬብል በኋለኛው ራውተር ተራ ቀዳዳ መሰካት ነው። መሰካት ያለበት ለውጭ መስመር በተለየው ቀዳዳ ነው፤ ይህም በብዙ ሞዴሎች በቀለም ተለይቶ ይታወቃል። በተራው ቀዳዳ ከተሰካ ሁለቱ ሣጥኖች አንድ መረብ ይሆናሉ፣ ድካሙም ከንቱ ነው። ሌላው ሁለቱም ሣጥኖች አንድ ዓይነት የቁጥር አድራሻ መያዛቸው ነው። ፊተኛው 192.168.1.1 ከሆነ ኋለኛው ለምሳሌ 192.168.10.1 እንዲሆን መለወጥ ያስፈልጋል። ደግሞም በማስተካከያው ገጽ ላይ «ብሪጅ» የሚል አማራጭ አለ፤ ትርጉሙ ድልድይ ነው። ኋለኛው ራውተር በዚህ አማራጭ ላይ ከተደረገ ሥራው ማገናኘት ብቻ ስለሚሆን መለየቱን ይተዋል። በዓባይ ላይ ያለውን ሰባራ ድልድይ የሚያውቅ የሞጣ ሰው ድልድይ ሁልጊዜ ይሠራ ዘንድ ቢመኝ አይፈረድበትም፤ በዚህ ሥራ ግን ድልድዩ ተሰብሮ ቢቀር ይሻላል።

መረቡ በተከፈለ በመጀመሪያው ሳምንት ከቤተሰብ በኩል ማጉረምረም መነሣቱ አይቀርም። ልጆች ከስልካቸው ወደ ቴሌቪዥኑ ፊልም ለመላክ ሲሞክሩ ቴሌቪዥኑ አይገኝላቸውም፤ ስልኩ የሚፈልገው በራሱ ክፍል ውስጥ ያለውን ዕቃ ብቻ ነውና። ሲያስፈልጋቸው ስልካቸውን ለጥቂት ጊዜ ወደ ቴሌቪዥኑ መረብ አዛውረው መጠቀም ይችላሉ። ቴሌቪዥኑ ወደ ቤተሰቡ ክፍል ቢዛወርም ታላቅ ጥፋት አይደለም። የመቅጃውና የዱቤ መዝገቡ መለየት ግን በልጆች ልመና የሚለወጥ ሊሆን አይገባም።

ስለ ግድግዳ፣ ስለ መብራትና ስለ መስመር መቋረጥ

የጭቃ ቤት ወፍራም ግድግዳ የሬዲዮ ሞገድን ያደክማል፤ ቆርቆሮ ግን ፈጽሞ ይመልሰዋል ማለት ይቻላል። ከሁለቱ ሞገዶች 2.4 ጊጋኸርዝ የተባለው ግድግዳን በማለፍ ይሻላል፤ ካሜራዎችና መሰል ዕቃዎች አብዛኛዎቹም የሚያውቁት ይህንን ብቻ ነው። ስለዚህ 5 ጊጋኸርዝ ብቻ የሚያስመሰግን ማስታወቂያ ለእነዚህ ዕቃዎች አይረዳም። የአንቴናው ቁጥር መብዛት በቆርቆሮ የተከለለውን ዕቃ ቤት አያደርስም፤ እስከ 100 ሜትር ድረስ የሚያገለግለውን የኔትወርክ ኬብል ዘርግቶ በዚያ ትንሽ ማሠራጫ መትከል ይሻላል።

የኤሌክትሪክ መብራት በጠፋ ቁጥር ራውተሩ እንዳይጠፋ አነስተኛ ባትሪ ያለው ሣጥን፣ ነጋዴዎች ሚኒ ዩፒኤስ የሚሉት፣ አብሮ ቢገዛ መልካም ነው። ራውተር የሚፈጀው ኃይል ጥቂት ስለሆነ ለሰዓታት ሊያቆየው ይችላል። ነገር ግን አንዳንዱ ራውተር በ9 ቮልት፣ ብዙው በ12 ቮልት ስለሚሠራ፣ ሳያመሳክሩ መሰካት ዕቃውን ያቃጥላል። ቁጥሩ በራውተሩ ታችና በአስማሚው ላይ ተጽፏል።

ከዚህ የሚበልጠው የመስመሩ የራሱ መቋረጥ ነው። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል የተንቀሳቃሽ ስልክ ኢንተርኔት ተቋርጦ ለብዙ ወራት መቆየቱን የዚህ አካባቢ ነጋዴ አይረሳውም። እንዲህ ያለ ነገር ሲደርስ ምስሉን በውጭ አገር ባለ ማከማቻ ብቻ የሚያስቀምጥ ካሜራ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ጌጥ ይሆናል። በግቢው ውስጥ ባለ መቅጃ ላይ የሚያስቀምጥ ግን ሥራውን አያቋርጥም። ለራውተርም እንደዚሁ ነው። አንዳንዶቹ አዳዲስ ሞዴሎች ማስተካከያቸው የሚከፈተው በኢንተርኔት በኩል በፋብሪካው መዝገብ ከገቡ በኋላ ብቻ ነው፤ መስመር በሌለበት ቀን ባለቤቱ የራሱን ዕቃ ማዘዝ አይችልም። በግቢው ውስጥ ሆኖ በቀጥታ የሚከፈት የማስተካከያ ገጽ ያለውን መምረጥ ይገባል። ሲም ካርድ የሚቀበልም፣ በኬብል የሚመጣ መስመርም የሚቀበል ራውተር ከተገኘ፣ አንደኛው ሲቋረጥ በሌላው ለመጠቀም ያስችላል። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ከኢትዮ ቴሌኮም ሌላ ሳፋሪኮምም በአገራችን ሥራ ስለጀመረ፣ ሲም ካርድ የሚቀበል ራውተር ሲገዛ ለአንድ ድርጅት ብቻ የተቆለፈ አለመሆኑን መጠየቅ ያስፈልጋል።

ለአስመጪዎችና ለባለመደብሮች

ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ ያልሆነ ዕቃ አስመጥቶ በመደርደሪያ ማስቀመጥ ምን ያህል ገንዘብ እንደሚያስር ለአስመጪዎች መንገር አያስፈልግም። ርካሽ የሚሆነው ራውተር ብዙ ጊዜ ፋብሪካው ሊተወው የተቃረበ ሞዴል ነው። የተተወ ሞዴል ደግሞ ከዚያ በኋላ ስሕተት ቢገኝበት የሚያርመው የለም። በግንቦት 2010 ዓ.ም. ቪፒኤን ፊልተር የተባለ ጎጂ ፕሮግራም ቢያንስ በ54 አገሮች በግማሽ ሚሊዮን ያህል መሣሪያዎች፣ አብዛኛዎቹም የቤትና የአነስተኛ ንግድ ቤት ራውተሮች፣ ላይ መግባቱ ተገልጾ ነበር፤ ከተጠቁትም መካከል የታወቁ ፋብሪካዎች ሥራዎች ይገኙ ነበር። ዘበኛው ራሱ ለሌባው ካደረ የክፍሎቹ መለያየት ዋጋ የለውም። ስለዚህ የፋብሪካው ስም መታወቁ ብቻውን ዋስትና አይሆንም፤ ለዚያ ሞዴል እስከ መቼ ማሻሻያ እንደሚልክ በጽሑፍ ማስታወቁ ይበልጣል። በእንግሊዝ አገር ከሚያዝያ 21 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው ሕግ፣ በቀላሉ የሚገመት የፋብሪካ የይለፍ ቃል ያላቸውን እንዲህ ያሉ ዕቃዎች መሸጥ ከልክሎ፣ የማሻሻያው ዘመን እስከ መቼ እንደሆነ ለገዢው እንዲገለጽ አዟል። ለእንግሊዝ ገበያ ይህን የሚያስታውቅ ፋብሪካ ለኢትዮጵያዊው አስመጪ ሊነግረው የማይችልበት ምክንያት የለም፤ ከማዘዝ በፊት መጠየቅ ነው።

በአገር ውስጥ በኩል ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ለመገናኛ መሣሪያዎች የዓይነት ማረጋገጫ ስለሚሰጥ፣ አስመጪው ሞዴሉን ከመምረጡ በፊት ከዚሁ መሥሪያ ቤት ማጣራት ይገባዋል። የደንበኞቹን ስም፣ የስልክ ቁጥርና የዱቤ ሒሳብ በኮምፒውተር የሚይዝ ነጋዴም የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 መውጣቱን ሊያውቅ ይገባል፤ በእጁ ያለውን የሰው መረጃ መጠበቅ ከእንግዲህ በበጎ ፈቃድ ብቻ የሚደረግ አይደለም።

ባለመደብሩ ራውተር ሲሸጥ የተዘጋ ካርቶን ከማስረከብ ይልቅ አንዱን ናሙና በጠረጴዛው ላይ አብርቶ ቢያሳይ ለሽያጩም ይጠቅመዋል። ገዢውም ገንዘቡን ከመቁጠሩ በፊት እንዲህ አድርጎ ይፈትን። አንድ ስልክ በእንግዳው መረብ ያግባና በስልኩ መፈለጊያ ላይ የራውተሩን አድራሻ፣ ለምሳሌ 192.168.0.1 ብሎ ይጻፍ፤ የማስተካከያው ገጽ ከተከፈተ ያ የእንግዳ መረብ በቂ አይደለም። ቀጥሎ ኮምፒውተር ወይም መቅጃ ከጀርባው ባለው ቀዳዳ አሰክቶ፣ ከእንግዳው ስልክ የዚያን ዕቃ አድራሻ ይሞክር፤ ሊከፈት አይገባም። ቪላን አለው ከተባለም ያው ዕቃ ወደ ሌላ ቀዳዳ ተዛውሮ ከዋናው መረብ መለየቱ በዓይን ይታይ። የዋይፋዩ ምሥጠራ ደብልዩ ፒ ኤ 3 ወይም ቢያንስ ደብልዩ ፒ ኤ 2 መሆኑን ይይ፤ አንድ ቁልፍ በመጫን ያለ ይለፍ ቃል የሚያገናኘውንም ክፍል ያዘጋ። ከዚያ በኋላ የፋብሪካው የይለፍ ቃል እዚያው ይለወጥና አዲሱ ቃል ከሞዴሉ ስምና ከተገዛበት ቀን ጋር በሱቁ መዝገብ ይጻፍ፤ መዝገቡም ደንበኛ ከማያየው ስፍራ ይቀመጥ። ደረሰኙን በሚቀበልበት ጊዜ ዋስትናው ለስንት ወር እንደሆነ፣ ዕቃው ቢበላሽም የሚመለሰው ለዚያው ለቢቸናው ወይም ለሞጣው ባለመደብር ይሁን ወይስ አዲስ አበባ ድረስ መላክ ያስፈልግ እንደሆነ በላዩ ላይ ያስጽፍ።